ጭስ ያልነካው መዳብ

በተቃጠለ ሞተር ላይ አዲስ የመዳብ ሽቦ የሚጠመዝዙት፣ ሰፈርተኛው «ጋሽ ጥቅል» የሚላቸው ሽማግሌ ሞተር ጠምዛዥ ከእህታቸው ልጅ ጋር ሳያስቡት የተገናኙት በመዳብ ማቅለጫው በር ላይ ነበር። እሷ እዚያው መሐንዲስ ናት፤ እሳቸው ደግሞ በጓሯቸው ፕላስቲኩን በእሳት ያራገፉለትን አንድ ጆንያ አሮጌ ሽቦ ይዘው መጥተው «ተቃጥሏል፣ አንቀበልም» ተብለው መመለሳቸው ነው። ዕድሜውን በመዳብ ላይ ለፈጀ ሰው ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። ጆንያውን ከኋላቸው ሊደብቁት ሞከሩ፤ ግን ጆንያው ከእሳቸው ይሰፋ ነበር።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። እሳቸውም ሆድ ብሷቸው ስለነበር፣ ባትሪ መጣና መዳብም ጠምዛዡም ተናቁ እያሉ የኤሌክትሪክ መኪናን ይረግሙ ጀመር።

«እንዲያ አይደለም ጋሼ» አለች በትሕትና። «በባትሪው ውስጥ ኤሌክትሪኩን ከሚሰበስቡት ሁለት ስስ ንጣፎች አንዱ ከወረቀት የሳሳ መዳብ ነው። መኪናውን የሚነዳውም እርስዎ ሲጠመዝዙት የኖሩት ዓይነት ጥቅል ነው። ከቤንዚኑ መኪና እጥፍና ከዚያ በላይ መዳብ ይፈልጋል።»

«ታዲያ የኔን ስለ ምን መለሱት? መዳብ በእሳት ይጠራል ብለው ያስተማሩኝ መምህሬ ዋሹኝ ልበል?»

«አልዋሹም። ግን ማቅለጥ ሌላ፣ ሜዳ ላይ ከነፕላስቲኩ ማንደድ ሌላ። ማንደዱ መዳቡን ያጠቁረዋል፣ ከፊሉንም ይበላዋል፤ ጭሱ ደግሞ የእርስዎን ደረት። ዛሬ ዓለም መዳብ ቸግሮታል። አንድ የማዕድን ቦታ ተገኝቶ ሥራ እስኪጀምር ልጅ ተወልዶ ለአካለ መጠን ይደርሳል። በንጽሕና የተላጠ አሮጌ መዳብ ግን ቀልጦ ሲጠራ ከአዲሱ አያንስም። አሮጌ ሽቦ የተከመረበት የእርስዎ ጓሮ እኮ ማዕድን ነው ጋሼ።»

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል፤ ሽማግሌውን ግማሽ የረታቸው እውነቱ፣ ግማሽ አነጋገሯ ነው። ከመሣሪያ ሣጥኗ ምላጭና ቁራጭ የኤሌክትሪክ ሽቦ አውጥታ አላላጡን ልታሳያቸው ስትታገል፣ ጥቂት ታገሧትና ምላጩን ከእጇ ወሰዱት። አንዴ ሳቡት፤ ፕላስቲኩ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ቀዩ መዳብ ብልጭ አለ። የመለሳቸው ተረካቢ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ «እንዲህ ያለውንማ ሁልጊዜ ያምጡልን» አላቸው። ልጅቷ በአጎቷ ኮራች፤ እሳቸውም በራሳቸው።

ከዚያ ወዲህ በጓሯቸው እሳት አልነደደም። መዳቡ ሳይጎድል ለማቅለጫው ይደርሳል፣ ጎረቤት ልብሱን ጥላሸት ሳይፈራ ያሰጣል፣ ከጭሱ የያዛቸው ሳልም ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። ሌሎች ጠምዛዦች መላጥን የሚማሩት ከእሳቸው ነው። ሽማግሌ አዲስ ነገር አይገባውም የሚል ቢኖር እሳቸው ዘንድ ሄዶ ይሞግት። የኤሌክትሪክ መኪና በደጃቸው ባለፈ ቁጥር ከወንበራቸው ቀና ይሉና፣ «እሷ ውስጥ የኔም እጅ አለ» ይላሉ። እስካሁን ያስተባበላቸው የለም።