ሰው ሲወድቅ ዝም ማለት

እዚህ አሜሪካ ከግሌንዴል ወደ ኦሮራ ከተማ ስንዛወር ለልጅ ልጄ ለሶስና አዲስ የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ አገኘንላት። በሩ ላይ፣ "አባባ፣ ፕሊስ፣ ሰው ሲወድቅ እንዳይጮሁ። ፍሬንድ አላገኝም" አለችኝ። እኔ ወትሮም ዝምተኛ ነኝ፤ ይኼማ ቀላል ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ከሚንሸራተቱት ልጆች አንዷ ስትወድቅ "እኔን!" አልኩ። ሌላዋም ስትወድቅ "እኔን!" አመለጠኝ። ለካ እዚያ መውደቅ ሥራቸው ነው! ሶስና ፊቷን ሸፈነች።

አፍሬ ልወጣ ስነሳ እርጥቡ ወለል አንሸራተተኝና በመቀመጫዬ ዘጭ አልኩ። ያን ሁሉ "እኔን" ማለቴ ተሰማልኝ መሰለኝ። ልጆቹ ሁሉ ከእኔ እንደሰሙት ባንድ ድምፅ "እኔን!" ብለው ጮኹ። ቀና ስል ሶስና መሃላቸው ሆና በሳቅ ትፈርሳለች። መኪና ውስጥ ስንገባ፣ "አባባ፣ ነገም ይመጣሉ አይደል?" አለችኝ። "ወገቤ ከፈቀደ" አልኳት።