የተጠረገው ሰልፍ

የፖሊስ ምርመራ ክፍል፣ የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሰፈሩ ሰው ዘንድ አባ መስመር
ዕድሜ፦ ሰባ ስምንት
ሥራ፦ ቀድሞ ርዕሰ መምህር፣ አሁን ጡረተኛ
አድራሻ፦ ከሰፈሩ ሱቅ ትይዩ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ነገሩ በደረሰ ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት
ጉዳዩ፦ ልብስ ሰፊዋ የአስተዳደሩን ጸሐፊ መትታለች ስለ መባሉ

እኔ ከላይ የተገለጽሁት ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በዐይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን እንደሚከተለው አስረዳለሁ። መርማሪው በአጭሩ መታችው ወይስ አልመታችውም ብለው ጠይቀውኛል። አልመታችውም። ይሁን እንጂ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ከመነሻው እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

የሰፈራችን ሱቅ በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል። ባለሱቁ አርጅቷል፤ ልጆቹም ሌላ ሥራ ይዘዋል፤ በዚህ የሚወቀስ የለም። ቤቱ ግን የአስተዳደሩ ነው። በቦታው ምን እንደሚተካ ሐሳብ ያለው ነዋሪ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በጽሕፈት ቤቱ እንዲቀርብና በተራው እንዲናገር የሚገልጽ ማስታወቂያ በሱቁ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ሐሳብ ነበረን። ዳቦና ወተት፣ ስኳርና ሳሙና የሚሸጥበት ቤት ሆኖ እንዲቀጥል፣ እኛም ተባብረን እንድናካሂደው ተመካክረን ጨርሰናል። ነገሩ ለእኔ የወሬ ጉዳይ አይደለም። ባለቤቴ በጉልበት ሕመም ምክንያት ወደ ገበያ በሚወስደው አውቶቡስ መሳፈር ከተወች ቆይታለች። በእግሯ ደርሳ የምትመለሰው ከዚያ ሱቅ ብቻ ነው። ዳቦው የትናንት ነው የዛሬ ነው እያለች ከባለሱቁ ጋር ተከራክራ ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ አያታለሁ። ያ በር ሲዘጋ በእርሷ ላይ ከተማው በሙሉ ይዘጋል።

ሰፈራችን አንድ ልማድ አለው። የዳቦው መኪና ሲዘገይ ሰው በፀሐይ ተገትሮ አይውልም፤ ዕቃውን በተራው አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ጀሪካን ይሁን ዘንቢል፣ ዱካ ይሁን ድንጋይ፣ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የጫማ ጠጋኙ ድንጋይ አንድ ጎኑ የተሸረፈ ስለሆነ ሕፃን እንኳ አይስተውም። የሰው ተራ የነካ ሰው እስከ ሰኞ ድረስ አላየሁም። ሰኞ ማለዳም እንደ ልማዳችን አደረግን። እኔ ዱላዬን ከጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ አስደግፌ የመጀመሪያውን ተራ ያዝሁ። ከእኔ ቀጥሎ የልብስ ሰፊዋ ዘንቢል፣ ከዚያም የጫማ ጠጋኙ ድንጋይ፣ ነርስ የሆነችው ጎረቤቴ ጀሪካን፣ እያለ ሰልፉ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ደረሰ። ቀጥ ያለ ሰልፍ ነበር፤ ጠማማውን ያቀናሁት እኔ ራሴ ነኝ። ከዚያ ሁላችንም ወደየሥራችን ተበተንን።

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ሰጥታኝ ስንመለስ ሦስት ሰዓት ጥቂት አልፎ ነበር። ይህን አልሸሽግም። ደጁ ተጠርጎ ጸድቷል። ዘንቢሉ፣ ጀሪካኑ፣ ዱካው ሁሉ ከቆሻሻ ጋሪ ላይ ተቆልሏል፤ ዱላዬ ከላይ ተጋድሟል። ጸሐፊው ከደረጃው ላይ ቆሞ ማንም ስላልቀረበ ቤቱ የመኪና ጎማ መጋዘን እንዲሆን ተወስኗል ሲል ነገረን። ሦስት ሰዓት ላይ ተከፍቶ፣ እኛ እስክንደርስ ተወስኖ አለቀ!

«ማንም ማለት ምን ማለት ነው? ይኸው ሰፈሩ በሙሉ ተሰልፎ!» አልሁት።

«አባባ፣ በሩን ስከፍት አንድም ሰው የለም። ያየሁት ቆሻሻ ነው፣ አስጠረግኩት። ጀሪካን ደግሞ ሐሳብ ይሰጣል እንዴ?» ብሎ ሣቀ።

ልብስ ሰፊዋ ቀበል አድርጋ፣ «ከአንተስ ይሻላል ወንድሜ! እሱ ቢያንስ የሰጡትን ይይዛል» አለችው።

በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ ሣቀ። ጸሐፊው ፊቱ ቀላ። እርሷ ዘንቢሏን ከጋሪው ላይ ስታነሣ፣ የተወገደ ዕቃ ነው ብሎ ማንጠልጠያውን ያዘ። እርሷ ወደ ራሷ ጎተተች፤ እርሱም ጎተተ፤ ማንጠልጠያው ተበጠሰና ጸሐፊው ወደ ኋላ ተንደረደረ። ከኋላው የጫማ ጠጋኙ ድንጋይ ነበር። ጠራጊዎቹ ከብዷቸው ትተውት ኖሮ፣ ከተራው ንቅንቅ አላለም። ጸሐፊው በእርሱ ተሰናክሎ መሬት ላይ ዘጭ አለ። የሴትዮዋ እጅ አካሉን አልነካም። መምታት የሚባል ነገር ካለ ድንጋዩ ይጠየቅ፤ እርሱም ቢሆን ተራውን ጠብቆ ከመቆም በቀር ያደረገው የለም። ማንም አልቀረበም የተባለውም ሐሰት ለመሆኑ ጸሐፊው የተቀመጠበት አካሉ ምስክር ነው።

መርማሪው እኔስ ተሳድቤ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ። «ባለጌ» ማለቴንም አልክድም። ይሁንና በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ይህን ቃል ያለ ቦታው ተጠቅሜበት አላውቅም፤ ትናንትም አልተጠቀምሁም።

በመጨረሻ መርማሪው ፖሊስ ከጋሪው ላይ አንሥቶ ያመጣውን ዱላዬን ከመደርደሪያ አውርደው፣ የእርስዎ ከሆነ ፈርመው ይውሰዱ ብለውኛል። የእኔ ነው። ነገር ግን ወድቆ የተገኘ ዕቃ ነው ተብሎ ቢሰጠኝ አልቀበልም። እኔ የቆምሁበት ተራ ነው። ከነበረበት ከጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ ይመለስ፤ የሌሎቹም ከኋላው በየተራቸው ይመለሱ፤ በሩ እንደገና ይከፈትና ልንናገር የመጣነውን እንናገር። እስከዚያው ግድግዳ እየያዝሁ እሄዳለሁ፤ ግድግዳ በሌለበትም ሰው አለኝ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የጨመርሁበትም የቀነስሁበትም የለም፤ በየትኛውም ችሎት፣ ጸሐፊው ባለበትም ቢሆን፣ ይህንኑ እደግመዋለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ___________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ___________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ አንድ የእንጨት ዱላ። ምስክሩ አልተረከቡም። በር ላይ ስትጠብቃቸው በነበረችው በልብስ ሰፊዋ ክንድ ተደግፈው ወጥተዋል።