ከተሳቢው ፊት የሚቀመጠው ሰው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ረጅም እንጨት ከመግዛት ይልቅ ቤት ማድረሱ እንደሚከብድ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪዎች ስለ ክብደትና ስለ ሚዛን ሳስተምር ኖሬ፣ ያን ዕለት ጠዋት ለጣራዬ የገዛኋቸውን እንጨቶች ከመሸጫው በር ላይ አጋድሜ፣ ማን በጫነልኝ እያልኩ መንገዱን ሳይ ቆሜ ነበር።

በዚህ መሐል አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ተሳቢ እየጎተተች መጣች። ተሳቢው አጭር ነው፤ የተጫኑበት የውኃ ቱቦዎች ግን ረጃጅም ናቸው። ቱቦዎቹ ወደ ኋላ ብዙ ወጥተዋል። ከተሳቢው የፊት ጠርዝ ላይ ደግሞ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ጀርባቸውን ለመኪናዋ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ጭነቱ አዙረው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ቁርጥራጭ ብረት የሞላ ጆንያ ታቅፈዋል።

ጭነት ጠባቂ መስለውኝ ነበር። መኪናዋ ቆማ ሊወርዱ ሲነሡ ግን የተሳቢው ፊት ብድግ አለ፤ የመኪናዋም ኋላ አብሮ ተነሣ። ወዲያው ከጋቢናው ሌላ ደንደን ያሉ ሽማግሌ አንገታቸውን አውጥተው ጮኹ።

«ቁጭ በል እንጂ! ማን ተነሥ አለህ?»

ሰውየው እንዳጠፋ ሰው ፈገግ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ነጂውን አወቅኋቸው። ከሰፈራችን ማዶ ብየዳ ቤት ያላቸው ናቸው። ሰው ሁሉ ጋሽ ጠበቅ ይላቸዋል፤ ምክንያቱም በር ቢሠሩ፣ አልጋ ቢሠሩ፣ ምክራቸው አንድ ነው፤ «ጠበቅ አድርገው!» እሳቸው የበየዱት ነገር አይላቀቅም ይባላል፤ እውነትም ነው። ከፊት የተቀመጡት ታናሽ ወንድማቸው ሲሆኑ ስማቸውን ሰው ሁሉ ረስቶታል፤ ሚዛን ነው የሚባሉት።

«መምህር፣ እንጨቱ የእርስዎ ነው? ቱቦዎቹን ብየዳ ቤት ላራግፍና እጭንልዎታለሁ። ይግቡ!» አሉኝ። ገባሁ።

ብየዳ ቤቱ ጣራው በጭስ የጠቆረ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ሰፊ ክፍል ነው። በአንድ በኩል ቱቦላሬ የሚባለው ውስጡ ክፍት ብረትና ዝርግ ላሜራ ተደርድሯል። ከመሐል ወለሉ ላይ በጠመኔ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሥሏል። ሥዕሉን በጉልበቷ ተንበርክካ የምታስተካክለው የጋሽ ጠበቅ ልጅ ናት። ዘንድሮ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቃ ነው የተመለሰችው። አባቷ ሥዕሉን በእግራቸው ላለመርገጥ ዙሪያውን ዞረው አለፉ፤ ያቺን ዙረት አይቼ፣ የልጃቸውን ሥራ ያከብራሉ አልኩ በልቤ።

ሚዛን እያነከሱ ገብተው ጥግ ያለች በርጩማ ላይ ዐረፍ አሉ። አንዱ ጉልበታቸው አብጧል። እኔም አላስቻለኝም።

«ጋሽ ጠበቅ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጆንያው ምንድን ነው?»

«ምን ላድርግ መምህር! ታሞ ከሳብኝ። ድሮ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ አሁን አልከብድ አለ።»

ስለ መለዋወጫ እንደሚያወሩ ነበር የተናገሩት። ክፋት የለበትም፤ ሰው የለመደውን ነገር ሲያወራ እንዲህ ነው። ለኔ ግን ጆሮዬን ቆረቆረኝ።

«ታዲያ ብረቱን ብቻውን ለምን አያስሩትም? ሰው ምን ያደርጋል?»

ጋሽ ጠበቅ አዘኑልኝ። «መምህር፣ ብረት ምን ያውቃል? ሰው ዳገት ላይ ወደ ፊት ይጫናል፣ ቁልቁለት ላይ ላላ ይላል። ጭነቱ ሲበዛ ጫፍ ይይዛል፣ ሲያንስ ጠጋ ይላል። ተሳቢ እንደ ጭነቱ የሚሆን ነገር ይፈልጋል። ብረት ይህን ከየት ያመጣል?»

ልጂቱ ጠመኔዋን አስቀመጠችና ቀና አለች።

«አባዬ፣ አሁን ያልከውን ሰማኸው?»

«ምን አልኩ?»

«ተሳቢ እንደ ጭነቱ የሚሆን ነገር ይፈልጋል አልክ። ወር ሙሉ ስለምንህ የከረምኩት እኮ ይህንኑ ነው። ‹የሚስተካከል ተሳቢ እንሥራ› ስልህ ‹የሚነቃነቅ ነገር አልሠራም› ትለኛለህ። የኛ ተሳቢ ድሮም የሚስተካከል ነው። የሚስተካከለው ክፍሉ አጎቴ ነው።»

ሚዛን ጉልበታቸውን ማሸት አቆሙ። ብዙ ክርክር ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ በአንድ ቃል የሚረታ ግን ብዙ አልገጠመኝም። ጋሽ ጠበቅ ግን በዋዛ የሚበገሩ ሰው አይደሉም።

«እሺ አንቺ ዐዋቂ፣ አስረጂን እስቲ። መምህርም ይፍረዱ።»

ልጂቱ ከወለሉ አንድ አጭር ቱቦላሬ አንሥታ ጣቷ ላይ መሐል ለመሐል አስቀመጠችው። ቆመ። ከዚያ በአንደኛው ጫፍ ፒንሳ አንጠለጠለችበት፤ ብረቱ አዘመመ። ጣቷን ወደ ፒንሳው ስታስጠጋ ተመልሶ ቆመ።

«ምን አደረግኩ አባዬ? በዚያኛው ጫፍ ሰው አስቀመጥኩ?»

«ጣትሽን አስጠጋሽ።»

«ጣቴ ጎማው ነው። የኛ ጎማ ግን ከሥር ተበይዶ አይንቀሳቀስም። ቱቦ ስንጭን መጎተቻው ብረት አጭር ስለሆነ ቱቦውን ወደ ፊት ማውጣት አንችልም፤ መኪናዋ ስትታጠፍ ኋላዋን ይመታዋል። ስለዚህ ወደ ኋላ እናወጣዋለን። ኋላው ይከብዳል፣ ፊቱ ይነሣል፣ አጎቴ ይቀመጥበታል። አሁን ይህን እይ።» ወደ ሥዕሏ ወሰደችን። «መጎተቻው ሁለት ቱቦላሬ ነው፤ ቀጭኑ ወፍራሙ ውስጥ ይገባል። ለረጅም ጭነት ይሳባል፣ ለጆንያ ይገፋል። ጎማው ያለበት አክስል ደግሞ ከወለሉ ሥር በሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። የት እንዲቆም እንደፈለግን ቀዳዳ አለ፤ ፒን ይገባበታል። የጎኑ ላሜራም ይወልቃል፣ ሶፋና ቁም ሣጥን ሲሆን እንዲሰፋ።»

«ፒን!» አሉ ጋሽ ጠበቅ፣ ስድብ እንደሰሙ ሁሉ። «ፒን ይወጣል። ቀዳዳ ብረትን ያደክማል። ብየዳ ግን አይወጣም።»

«በየቦታው ሁለት ፒን ነው፤ ጫፋቸው ላይ መቆለፊያ አለ። ቀዳዳው ዙሪያ ብረቱን ደርበን እንበይደዋለን፤ አንተ ነህ የምትበይደው። ግን ልጠይቅህ። መጎተቻው ሥር በየጊዜው የሚሰነጠቀው የማን ብየዳ ነው?»

ጋሽ ጠበቅ ሳል ያዛቸው። ብየዳቸው አይላቀቅም፤ እዚያች ቦታ ግን በየክረምቱ ይሰነጠቅ ኖሯል። ጭነቱ ፊቱን ወደ ላይ እየገፋ፣ ሰው ወደ ታች እየጫነ፣ ብረቱ በሁለት ወገን ይጎብጣል። ይህን እኔም ተረዳሁት፤ ለመፍረድም ተዘጋጀሁ። ፊታቸውን ሳይ ግን ክርክሩ ስለ ብረት እንዳልሆነ ገባኝ።

ወደ በሩ ወጣ ሲሉ ተከተልኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መምህር፣ ልጄ ያለችው ሁሉ ልክ ሊሆን ይችላል። ወንድሜስ? ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ዓይኑ ለብየዳ አይሆንም። ሰው ‹ምን ትሠራለህ?› ሲለው፣ ‹የወንድሜ ሚዛን ነኝ፣ ያለኔ አይሄድም› ይላል። ይህችን ቀምቼው ቤት ላስቀምጠው? ያውም በሽታ ተጨምሮበት! ፒኗ ቦታውን ስትወስድ እሱ ምን ይሁን?»

በዚያች ሰዓት ወደድኳቸው። ግትርነታቸው ከፍቅር የመጣ ነበር። ነገር ግን ከፍቅር ስለመጣ ብቻ አንድ ሥራ ትክክል አይሆንም፤ እንዲያውም ብዙ ጎጂ ልማድ ዕድሜ የሚያገኘው ደግ ሰው ሲጠብቀው ነው። ይህንን በለሰለሰ ቃል ልነግራቸው ስሞክር ልጂቱ ከኋላችን ደረሰች። ሰምታለች።

«አባዬ፣ ከወደቀስ?»

«ይህን ሁሉ ዘመን ወድቆ ያውቃል?»

«አያውቅም። እንግዲያው አስቸጋሪ ቦታ አይደለም ማለት ነው። ዛሬ ጉልበቱ አብጧል፣ ይረፍ። የመምህርን እንጨት ጭነን እኔ እነዳለሁ፤ አንተ ከተሳቢው ፊት ተቀመጥ።»

«ምን ገዶኝ!» አሉ ጋሽ ጠበቅ፣ ኮታቸውን እየቆለፉ።

ወደ መሸጫው ተመለስንና እንጨቱ ተጫነ። እኔ ጋቢና ገባሁ። በኋላው መስታወት የጋሽ ጠበቅ ሰፊ ጀርባ ይታየኛል። ልጂቱ ቀስ ብላ ነዳች፤ ፍጥነቷ ከአባቷ በግማሽ ያነሰ ነበር። ሜዳው ላይ ደህና ሄድን። ወደ ኔ ቤት የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ጎማው አንዲት ጉድጓድ መታ። የተሳቢው ፊት ዘለለ። የጋሽ ጠበቅ ባርኔጣ ሲበር፣ እሳቸውም ከተቀመጡበት ተነሥተው ተመልሰው ሲያርፉ አየሁ። እንጨቱን እንደ ሕፃን ዐቅፈውታል። እኔ «ቁሚ!» ብዬ ጮኽኩ፤ እሷ ግን ቀድማ ፍሬን ይዛለች።

«አባዬ! ተጎዳህ?»

«ንጂ» አሉ ሳይዞሩ። ድምፃቸው ግን የሳቸው አልነበረም።

ቤቴ ደርሰን እንጨቱን ከማውረዳችን በፊት ጣቶቻቸው እስኪላቀቁ ጠበቅን። ጠበቅ አድርገው ይዘው አልዘረጋ አሏቸው። ውኃ ሰጠኋቸው። ጠጡና ብርጭቆውን እያዩ «መንገዱ እኮ አይታይም» አሉ። «ጉድጓዱን የምታየው ከመታህ በኋላ ነው።» የተመለሱት በጋቢና ነው፤ እኔም የነገሩን ፍጻሜ ሳላይ መቅረት ስላልሆነልኝ አብሬ ሄድኩ።

ሚዛን በርጩማቸው ላይ እንዳሉ ጠበቁን። ጋሽ ጠበቅ ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን ጋሼ?»

«እንደሚያስፈራ!»

ሚዛን ወደ ልጂቱ፣ ከዚያ ወደኔ አዩ። አፈሩ። «ፈራሁ ብል ቤት ተቀመጥ ትለኛለህ ብዬ ነው። ደግሞ አንተ አምነኸኝ ትነዳለህ። እኔ ምን ብዬ ላሳጣህ?»

አንዱ ወንድሙን ሥራ እንዳያሳጣ፣ ሌላው ወንድሙን እንዳያሳፍር፣ ሁለቱም ያን ሁሉ ዘመን ዝም ተባብለው ኖረዋል። አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ይገላገሉ ነበር። እኔ እንባዬ መጣ፤ ይህን ለመደበቅ ምክንያት አላይም። ጋሽ ጠበቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ። ሲዞሩ የሥራ መነጽራቸውን አድርገዋል።

«ልጄ፣ ግራይንደሩን አቀብይኝ።»

ተሳቢውን ወደ ውስጥ ገፋነው፤ በገዛ እጃቸው የበየዱትን፣ አይላቀቅም የተባለለትን መጎተቻ፣ በገዛ እጃቸው ቆረጡት። የእሳቱ ፍንጣሪ የጠመኔው ሥዕል ላይ ይረግፍ ነበር።

አዲሱ ተሳቢ ተሠርቶ ሲያልቅ ጋሽ ጠበቅ ከልጃቸው ብሰው ሰባኪ ሆኑ። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ራሳቸው ያስረዳሉ። ትናንት ለጆንያ፣ ዛሬ ለቱቦ፣ ነገ ለቁም ሣጥን የሚሆን አንድ ተሳቢ ሦስት ተሳቢ ከመግዛት ያድናል፤ ጭነቱ በጎማው ላይ በልኩ ሲያርፍ ጎማ አይበላም፣ መኪናዋም ኋላዋ አይነሣም፣ ፍሬን ሲያዝ ትታዘዛለች፤ መጎተቻውም ከዚያ ወዲህ አልተሰነጠቀም። «ፒን ይወጣል» የሚላቸው ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ የሚቆጡትን ቁጣ ልጂቱ እየሰማች ከንፈሯን ነክሳ ትስቃለች።

ሚዛንም ሥራ አላጡም። ጭነት በተጫነ ቁጥር አክስሉ የት ይቁም የሚለውን ከልጂቱ ጋር ይማከራሉ፤ ፒኑን አስገብተው፣ መቆለፊያውን ነካክተው «ሂድ» ካላሉ ጋሽ ጠበቅ ሞተር አያስነሡም። ስማቸውም አልተለወጠም። ሰው አዲስ ነገር ሲፈራ ብዙ ጊዜ የሚፈራው የሚያጣውን ነው፤ የሚያጣው ግን ሥራው ሳይሆን የሥራው አደጋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቁጭ ብሎ መነጋገር የሚጠቅመው ይህን ለመለየት ነው።

ለጣራዬ ቆርቆሮ በገዛሁ ጊዜ ያው ተሳቢ መጣልኝ። ሚዛን ፒኑን አይተው ጨረሱና ከልማድ ወደ ተሳቢው ፊት ሄዱ። እግራቸውን ሊያነሡ ሲሉ ቆሙ፤ መቀመጫቸው የነበረው ቦታ በቆርቆሮ ተሞልቷል። ግራ ገባቸው። ጋሽ ጠበቅ የጋቢናውን በር ከፈቱ።

«ወዴት ትሄዳለህ? ግባ።»

ከኔና ከወንድማቸው መሐል ተጠጋግተው ተቀመጡ። እጃቸውን የሚያኖሩበት ስላጡ ጭናቸው ላይ አደረጉት። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ያቺን ጉድጓድ ከሩቅ አይተው ክንዴን ያዙኝ። ጋሽ ጠበቅ ዝግ አሉና ዞረው አለፏት። ሚዛን ወደ ፊት መስታወቱ ጠጋ አሉ።

«ጋሼ፣ መንገዱ ሲመጣ ታየዋለህ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ሲሄድ ብቻ ነበር የማየው።»