አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ሱሪ

(የሰርግ ሱፍ ማከራያ ሱቅ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሙሽራው ይትባረክ ሱሪ ይለካል፤ አንደኛ ሚዜው ምናሴ አጠገቡ ቆሟል፤ ሰርጉ ሳምንት ቀርቶታል።)

ይትባረክ፦ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ አምጣልኝ አልኩህ። ይሄ ይይዘኛል።

ምናሴ፦ የቱ ጋ? ወገብህ ላይ እኮ እጄ ይገባል። ቀበቶ ባታስር መድረኩ ላይ ወርዶ ያዋርደናል።

ይትባረክ፦ ወገቤን አይደለም፤ ከታች ነው። ዝም ብለህ አምጣ።

ምናሴ፦ ከታች ማለት?

ይትባረክ፦ ምናሴ፣ በፈጠረህ አታድርቀኝ።

ምናሴ፦ አደርቅሃለሁ። ሚዜህ ነኝ፤ ካልሲህን ሳይቀር የማየው እኔ ነኝ። ምን ሆነሃል?

ይትባረክ፦ አንደኛው የዘር ፍሬዬ አብጧል። ይኸው፤ ደስ አለህ?

ምናሴ፦ መቼ ጀመረህ?

ይትባረክ፦ ለመስቀል ሰሞን። ጠጠር የምታህል ነገር ነበረች፤ አሁን ከበድ እያለችኝ ነው። ብርድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ ዕቃ ሳመላልስ እየዋልኩ እንዴት አይመታኝ?

ምናሴ፦ ከመስቀል እስከ ጥር የማይለቅ ብርድ? ያምሃል?

ይትባረክ፦ ምንም። ቢያመኝማ ሐኪም ቤት እሄድ ነበር።

ምናሴ፦ እሱ ነው እኮ የሚያናድደኝ። እንዳለ የሚባለው የመሥሪያ ቤታችን ሹፌርም «አላመመኝም» እያለ ሲያደርቀን ከረመ። ሚስቱ ጎትታ ወሰደችው፤ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ያንተ እኩያ ነው።

ይትባረክ፦ በል እንግዲህ፣ በሰርጌ ዋዜማ ካንሰር ስጠኝ።

ምናሴ፦ እኔ ምን አውቄ? ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። በአልትራሳውንድ ያዩህና ይነግሩሃል።

ይትባረክ፦ ሹፌሩ እንዳለስ ምን ሆነ?

ምናሴ፦ አንዱን አወጡለት። በጊዜ ስለደረሱበት ዳነ። አምና ሴት ልጅ ወልዶ ክርስትናዋን በልተናል።

ይትባረክ፦ አወጡለት ትላለህ፣ ጥርስ ይመስል። ሽማግሌ ልኬ፣ ስንት ተለምኖ እሺ ያለች ልጅ ይሄን ሰምታ ታገባኛለች? ከመልሱ በኋላ እሄዳለሁ።

ምናሴ፦ ከመልሱ በኋላ ቅልቅል አለ። ከዚያ ጫጉላ፣ ከዚያ ጾም። ሁሌ የምትደበቅበት አታጣም። ሞተርህ ትንሽ ድምፅ ካሰማች ግን ዕለቱኑ ጋራዥ ትወስዳታለህ።

ይትባረክ፦ ሞተር ሱሪ አታወልቅም።

ምናሴ፦ ኤጭ! ሰለቸኸኝ።

ይትባረክ፦ ይሰልችህ። ብቻ ለፍሬሕይወት እንዳትነግራት ማልልኝ። ፈርቻለሁ፣ ምናሴ። እሷን ካጣሁ ምን ይቀረኛል?

ምናሴ፦ የላከችኝ እሷ ናት። «ኳስ አቁሟል፣ ሲቀመጥ ይጠነቀቃል፣ ስጠይቀው ይቆጣኛል፤ እኔን ካፈረ አንተ ብቻውን ያዘው» አለችኝ። የቱ ጋ እንደሆነ አታውቅም፤ እንደታመምክ ግን አውቃለች።

ይትባረክ፦ አሁን የት ናት?

ምናሴ፦ በር ላይ፣ መኪና ውስጥ። ክሊኒክ ደውላ ለዛሬ ቀጠሮ ይዛልሃለች። ካስፈለገ ሰርጉ ይገፋ ብላለች።

ይትባረክ፦ ይገፋ አለች?

ምናሴ፦ አዎ። አሁን ባለሱቆቹን ምን ልበላቸው? ሰፋ ያለውን ያምጡ?

ይትባረክ፦ ተወው። የራሴን ሱሪ አቀብለኝ።