ለእምቢታ ምስጋና

(ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ። አየርላንዳዊው የስላቅ ልቦለድ ደራሲ ደክላን መጻሕፍቱን በካርቶን ያሽጋል፤ አከራዩ ጋሽ ይርዳው፣ ባለፈው እሁድ ሽማግሌ ሆነው ሚስት የጠየቁለት፣ በሩ ላይ ቆመዋል።)

ጋሽ ይርዳው፦ ካርቶኑን አስቀምጥ አልኩህ! ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ አመዱን አይቶ ነው የሚሄደው።

ደክላን፦ አመዴን አይቻለሁ፣ ጋሼ። እልፍነሽን ጠየቃችሁልኝ፣ እምቢ ተባላችሁ። ከእንግዲህ በየጠዋቱ በደጇ እያለፍኩ "እንደምን አደርሽ" ልበል?

ጋሽ ይርዳው፦ ማን ነው እምቢ የተባለው?

ደክላን፦ ራስዎ አይደሉ የነገሩኝ? ወንድሟ አቶ በላቸው "ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" ብለዋል አላሉኝም?

ጋሽ ይርዳው፦ አልኩህ እንጂ። ደስ ብሎኝ ነው የነገርኩህ!

ደክላን፦ በእኛ አገር አሳታሚ "ሥራዎን በጥሞና እናየዋለን" ካለ፣ መጽሐፉ ሞቷል ማለት ነው። የቀረው ቀብሩ ብቻ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ይሄ አሳታሚ አይደለም፣ ወንድም ነው። ገና በተጠየቀ ዕለት እህቱን ቢሰጥ "ምን ጉድ ቢኖርባት ነው እንዲህ ያጣደፋቸው" አይባልም? ለኔ ሚስት ሲጠይቁ አባቴ የተመላለሱበትን መንገድ ብነግርህ እግርህን ያምሃል።

ደክላን፦ ታዲያ ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ጠፋ?

ጋሽ ይርዳው፦ የምታውቅ መስሎኝ! የአገርህን ሹማምንትና ቄሶች፣ አክስቶችህን ሳይቀር በመጽሐፍ የቦጨቅክ ሰው አይደለህም? "ሰው እውነቱን የሚናገረው መዋሸት ሲሰለቸው ነው" ብለህ የጻፍክ?

ደክላን፦ እሱን የጻፍኩት ስለ ሌሎች ሰዎች ነዋ።

ጋሽ ይርዳው፦ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች!

ደክላን፦ ይገባኛል። እኛም ጋ እንግዳ ሻይ ሲቀርብለት "አይ፣ አልፈልግም" ይላል። በጥም እየሞተም ሁለቴ እምቢ ብሎ፣ በሦስተኛው ነው የሚጠጣው። በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ቀልጄበታለሁ።

ጋሽ ይርዳው፦ ሻይ በሦስተኛው የሚጠጣበት አገር ተወልደህ፣ ሴት ልጅ በመጀመሪያው ይሰጡኛል ብለህ ጠበቅክ?

ደክላን፦ ወይኔ! ጋሼ፣ አንድ ችግር አለ። ትናንት ለአቶ በላቸው ደውዬላቸው ነበር።

ጋሽ ይርዳው፦ ደውለህስ?

ደክላን፦ አመሰገንኳቸው።

ጋሽ ይርዳው፦ ምን አድርገውልህ?

ደክላን፦ ስለ እምቢታቸው። "ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም፤ እህትዎ ከእኔ የተሻለ ሰው ይገባታል" አልኳቸው።

ጋሽ ይርዳው፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ይህ እኮ እኛ ጋ "ንቄ ትቻታለሁ" ማለት ነው።

ደክላን፦ በትሕትና ነው እኮ ያልኩት!

ጋሽ ይርዳው፦ በላቸውም የነገረኝ ይህንኑ ነው፤ ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። "በምን አስከፋነው? መጽሐፉን ስላላነበብንለት ይሆን?" እያለ ሲብሰለሰል ነው ያደረው።

ደክላን፦ እልፍነሽስ?

ጋሽ ይርዳው፦ ወንድሟን አኩርፋለች። "የምታማክረው ዘመድ ማነው? እኔ ዘመድህ አይደለሁም ወይ?" አለችው አሉ።

ደክላን፦ እንዲህ አለች?

ጋሽ ይርዳው፦ ምሳውንም አላቀረበችለትም። እሱን ከኩርፊያዋ ይልቅ የጎዳው ይሄ ነው።

ደክላን፦ እወዳታለሁ፣ ጋሼ። በዓለም ሁሉ ስቀልድ ኖሬ፣ በእሷ ላይ የምትሆን አንዲት ቃል አጣሁ። አሁኑኑ ሄደው ይማልዱልኝ። በእግዜር!

ጋሽ ይርዳው፦ አይሆንም።

ደክላን፦ ይሄ "አይሆንም" የሻዩ ነው ወይስ የእውነት?

ጋሽ ይርዳው፦ የእውነት። አንድ ሰው ለሁለት ወገን ሽማግሌ አይሆንም።

ደክላን፦ የምን ሁለት ወገን?

ጋሽ ይርዳው፦ ዛሬ የመጣሁት የበላቸው ሽማግሌ ሆኜ ነው። "እህታችንን እንዲያገባልን ለምኑልን" ብሎ ልኮን፣ አብረውኝ የተላኩት ሀጂ እንድሪስ ደጅ ቆመው መልስህን ይጠብቃሉ።