ሦስት ጊዜ ሄደው ያላዩት ሐይቅ

የመርሳው ሚኒባስ ገና አልሞላምና ረዳቱ ወልድያ መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ ይጣራል። አባ ኡበይደላ ባለቤታቸውን እማማ መሪማን በመስኮቱ በኩል አስቀምጠው፣ የመድኃኒቱን ፌስታል ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሐኪሙ የነገራቸው አልዋጥ ብሏቸዋል። የመሪማ ዓይን ግፊት አለበት፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን አላህ ብቻ ያውቃል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ!» የሚል ድምፅ ሰምተው ዞር ሲሉ የጎረቤታቸው ልጅ ናጅዋ ናት፤ መርሳ ጂኦግራፊ የምታስተምረው።

«ወአለይኩም ሰላም! ነይ የኔ ልጅ፣ ተቀመጭ።»

ናጅዋ ከኋላቸው ተቀምጣ የመጡበትን ስትጠይቅ ነገሯት። አንገቷን ደፍታ ዱዓ አደረገች። ይሄኔ እማማ መሪማ ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሐይቅ ሩቅ ነው? ዓይኔ ሳይጠፋ ያን ውኃ አንድ ቀን ባየሁት።»

«ምን ሩቅ አለው እማማ! ማልዶ ከመርሳ የተሳፈረ ለዙህር ሶላት ውኃው ዳር ውዱ ያደርጋል፤ ማታ ቤቱ ነው።»

«ተይ እንጂ ናጅዋ!» አሉ አባ ኡበይደላ። «ያለ ሐዘን፣ ያለ ገበያ፣ ያለ ሕመም ሽማግሌና አሮጊት ተያይዘው መኪና ላይ ሲወጡ ሰው ምን ይላል?»

እውነታቸውን ነው። በእሳቸው መንደር ገበያ በሌለበት ቀን ልብሱን ለውጦ የወጣ ሰው የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ማን ሞተ?» በዚያ ላይ አባ ኡበይደላ የቅሬ፣ የመንደሩ ዕድር፣ ዳኛ ናቸው። ሰው ሲሞት ቀባሪውን የሚያሰማሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ እሳቸው ለብሰው ወጡ ማለት አንድ ቤት ፈርሷል ማለት ነው። ሐዘንተኛን ብቻውን የማይተው ሕዝብ መቼም የተባረከ ነው። ግን እግሩ ከቀዬው የሚነሳው ለሞት ብቻ ሲሆን ለቆመው ሰው ምን ተረፈው?

ናጅዋም ይህን አልሳተችውም። «አባባ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ ሲሪንቃን ያውቁታል?» አለች።

«እንዴት አላውቀው! አምስት ሰው ቀብሬበታለሁ።»

«የግብርና ምርምሩን ማሳስ አይተዋል?»

«በአጥሩ ነው ያለፍኩት። አስከሬን ቀድሞን ነበር።»

«ሐራ ከተማንስ?»

«የእህቴ ባል እዚያ ነው ያረፈው፣ አላህ ይዘንለት።»

«ሐይቅስ?»

«ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ» አሉ ኮራ ብለው።

«እንዲያማ ከሆነ እኔ ምን አስለፈለፈኝ! ለእማማ ይንገሯቸዋ፤ ውኃው ምን ይመስላል?»

እማማ መሪማ ፊታቸውን ወደ ባላቸው አዞሩ። አባ ኡበይደላ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። የመጀመሪያው ቀብር ትዝ አላቸው፤ መሬቱ ድንጋይ ነበር፣ ዶማ ሰበረ። በሁለተኛው ዝናብ ነበር። በሦስተኛው የሟች እናት ራሷን ስታ ወድቃለች። ውኃውን ፈለጉት፣ የለም። ሐዘን ላይ ቆሞ ውኃ ማየት ነውር መስሏቸው ሦስቱንም ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው የቆሙት።

«ሰፊ ነው» አሉ በመጨረሻ።

እማማ መሪማ ሌላ ይጨምሩልኛል ብለው ጠበቁ። ምንም እንደሌለ ሲገባቸው ቀስ ብለው፣ «አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ዛሬ ገና ነው መኪና ላይ ጎን ለጎን የተቀመጥነው። ለቀብር አንቱ ከወንዶቹ ጋር ይቀድማሉ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር እከተላለሁ። እሱም ይሁን፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ወቀሳ አልነበረም፤ ለዚህም ነው አባ ኡበይደላን አንጀታቸውን የበላቸው። መርሳ ሲወርዱ ናጅዋን ጠሯት።

«በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት የሌለሽ ቀን የቱ ነው?»

ቀኑ ደረሰና ባልና ሚስቱ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ማልደው ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ናጅዋ ቀድማ ትጠብቃቸዋለች። አንዲት ጎረቤት አየቻቸው። የቅሬ ዳኛን መንገድ ላይ ማስቆም ስላልደፈረች ሳትጠይቅ ሮጠች፤ እሷ ለሌላዋ፣ ሌላዋ ለባሏ ነገረች። መኪናው ሳይመጣ አሥራ አምስት ወንዶች ዶማና አካፋ ተሸክመው ከተፍ አሉ፤ ሴቶቹም ከኋላ እንባቸውን አዘጋጅተው ይከተላሉ።

«አባ ኡበይደላ፣ እኛን ሳይጠሩ?» አለ የቅሬው ጸሐፊ ሚስባህ፣ እያለከለከ። «ማን ነው የሞተው?»

ውሸቱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ አንድ የሩቅ ዘመድ ቢገድሉ ማን ያጣራል? ወደ እማማ መሪማ ቢያዩ አንገታቸውን ደፍተዋል። በባላቸው አፍረው ሳይሆን ለባላቸው አፍረው ነው።

«ማንም አልሞተም» አሉ አባ ኡበይደላ። «መሪማን ሐይቅ ላሳያት ነው። ዓይኗ ሳይደክም።»

ሚስባህ አካፋውን ከትከሻው አወረደና «እንኳን አልሞተ» አለ።

ሐይቅ ሲደርሱ ነፋሱ ውኃውን ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅሰዋል፤ ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ይቀዝፋሉ። እማማ መሪማ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውኃው ውስጥ ከተው ቆሙ። «ያረህማን!» አሉ። ቆየት ብለውም፣ «መሀሉን አየዋለሁ፤ ዳር ዳሩን አንቱ ይንገሩኝ» አሉ። አባ ኡበይደላ ነገሯቸው፤ ቄጠማውን፣ ነጫጭ ወፎቹን፣ ወዲያ ማዶ የሚታየውን ተራራ። ናጅዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንዳላየ ሰው ሆነች።

በሳምንቱ ቅሬው ተሰበሰበና ነገሩ ተነሣ።

«አንቱ ሄዱ፣ ይሁን። ግን ምን አተረፉ?» አለ ሚስባህ። «እኛስ ብንሄድ ጥቅሙ ምንድን ነው?»

«ሲሪንቃ ብንሄድ» አሉ አባ ኡበይደላ፣ «የተሻለ ዘር አይተን፣ ጠይቀን እንመለሳለን። ልጆቻችን በመጽሐፍ የሚያነቡትን አገራቸውን በዓይናቸው ያዩታል። ቤት ለቤት የተኳረፈ ሰው አንድ መኪና ላይ አብሮ ሲውል ይታረቃል። ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ሁሉም የአንድ ቀን መንገድ ነው። ለሙት ዓመቱን ሙሉ የሚራመድ ቅሬ፣ አዝመራ ሲገባ አንድ ቀን ለሕያዋን ቢራመድ ምን ይጎድልበታል?»

«ያ ሁሉ ለኛ ነው። ለራስዎ ምን አገኙ?»

አባ ኡበይደላ ወደ ሚስባህ ዞሩ።

«ስንት ቀብር ላይ ቆሜያለሁ፤ ሰው የሚያለቅሰው ለሟቹ ብቻ አይደለም፤ ሳያደርግለት ለቀረው ነገርም ነው። መሪማ ብትቀድመኝ የማለቅስበት ብዙ አለኝ። ሐይቅን ሳላሳያት ሞተች ብዬ ግን አላለቅስም።»

ሚስባህ መዝገቡን ገለጠና፣ ወደ ሲሪንቃ የሚሄድ ካለ እጁን ያውጣ አለ። ከሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው ያቺ ማልዳ የሮጠችው ጎረቤት ናት፤ ባሏን በክርኗ ጎሸም አድርጋ የእሱንም አስወጣችው።