የዝግባው ሥር

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. የሚያዝያ ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አቶ ጉተማ ከእንጦጦ ራጉኤል ጠበል በጠርሙስ ይዘው የባሕር ዛፉን ጫካ እያቋረጡ ወደ የካ ሲወርዱ፣ የመለኪያ ገመድ በትከሻው ካንጠለጠለ አንድ ወጣት ጋር ድንገት ተገናኙ። ወጣቱ የሟች ጎረቤታቸው የፉፋ ልጅ ነገሳ ነው። ተምሮ፣ ማዘጋጃ ቤት በመንገድ ሥራ ክፍል ተቀጥሯል። አቶ ጉተማ ልጁን ባዩት ቁጥር ሆዳቸው ይባባል፤ ቁርጥ አባቱን ነው፣ አባቱም የሞተው ክፉ አሟሟት ነው።

ነገሳ እጅ ነሥቶ ጠርሙሱን ተቀበላቸውና የወይዘሮ ሎሚን ጤና ጠየቀ። አቶ ጉተማም እየሄዱ ሁሉንም ዘርዝረው ነገሩት። ባለቤታቸው ግማሽ ጎናቸው ከሰነፈ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባቸው። ልጃቸው አዱኛ ታክሲ ነጂ ስለሆነ መኪናው አልቸገረም፤ የቸገረው ከደጃቸው እስከ መንገዱ ያለው ሃያ እርምጃ ነው። በመካከሉ ጥልቅ ቦይ አለ፣ ከቦዩ ዳር ደግሞ ትልቅ ዝግባ ቆሟል። በሽተኛዋ ቦዩን የሚሻገሩት በሰው ጀርባ ነው። ባለፈው ሳምንት የተሸከማቸውን ሰው አዳለጠውና ሁለቱም ተያይዘው ቦዩ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ሎሚ "እንደ ጆንያ ከምታንገላቱኝ እዚሁ ልሙት" ብለው ሐኪም ቤት መሄድ ትተዋል። ክረምቱ ደግሞ ሊገባ ነው።

ስለዚህ አቶ ጉተማ ቆርጠዋል። የፊታችን ቅዳሜ ደቦ ጠርተው ቦዩን በድንጋይ ሊደፍኑ፣ የዝግባውንም ሥር በበራቸው በኩል፣ ማለት ከዳገቱ ወገን፣ ቆርጠው የመኪና መግቢያ ሊደለድሉ ነው። ቀኑን የመረጡት በብልሃት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ቅዳሜ በቀትር ይዘጋል፣ ሰኞ ሲከፈት ሥራው አልቆ ይገኛል። ቀዳሚት ሰንበት የመሆኗን ነገርም "ዛፉን መቼ ቆረጥን፣ ሥሩን ብቻ እኮ ነው" ብለው፣ ከነፍስ አባታቸው ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ጋር ተስማምተውበታል።

ነገሳ ይህን ሲሰማ ቆም አለ።

"አባባ ጉተማ፣ ፈቃድ ሳይጠይቁ?"

"ከማን ነው የምጠይቀው?" አሉ ሽማግሌው። "መንገድ የምትሉት እኮ እኔ ገብስ የዘራሁበት መሬት ነው። ዝግባውን የተከለው አባቴ ነው። በአባቴ ዛፍ፣ በገዛ ደጄ፣ ትናንት ለመጣ ጸሐፊ ደጅ ልጥና?"

"የተከሉትስ አባትዎ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። ዛሬ ግን በጥላው የሚያርፈው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሞ የሚወርደው ሁሉ ነው። ቦዩም የሚያሳልፈው የተራራውን ጎርፍ ነው። እርስዎ ስለ ደፈኑት ውኃው ወደ ተራራው አይመለስም፤ ከታች ካለው ጎረቤትዎ ቤት ይገባል እንጂ።"

የታችኛው ጎረቤት የልጆች አባት ነው፤ አቶ ጉተማ ይህን አላሰቡበትም ነበር። ቢሆንም የልባቸው ጭንቀት ሌላ ነው።

"እሺ፣ ይሁን። እናንተ 'ነገ ተመለስ' ስትሉኝ ሎሚ ትጠብቀኛለች? የቀራት ዕድሜ በማመልከቻ ይራዘማል?"

የተማረ ሰው ለሁሉ ነገር መልስ አለው የሚሉ ተሳስተዋል። ነገሳ ጉዳዩ እንደሚያመላልስ፣ ምናልባትም ከወር በላይ እንደሚፈጅ ሳይደብቅ ነገራቸው። እስከዚያው ግን በቦዩ ላይ የሚጋደም የሳንቃ መሻገሪያ ራሱ እንደሚሠራላቸው፣ በሽተኛዋንም ወንበር ላይ አስቀምጠው ለአራት ቢያሻግሯቸው እንደማይወድቁ አስረዳቸው። አቶ ጉተማ ይህን ምክር በልባቸው ወደዱት፤ ነገር ግን በልጅ መረታት ለሽማግሌ ከባድ ነውና ወደ ሌላ ነገር ዞሩ።

"የሥሩን ነገርስ ለምን ታጋንናለህ? ዛፍ አንድ ሥር ቢቆረጥበት አይሞትም።"

"በዓመቱ አይሞትም" አለ ነገሳ። "ይለመልማል፣ ደህና ይመስላል። ወደ ቁልቁለቱ እንዳይወድቅ አንቆ የያዘው ግን ከዳገቱ በኩል ያለው ሥር ነው። እሱ ከተቆረጠ፣ ሁለት ሦስት ክረምት ቆይቶ፣ አፈሩ የራሰ ዕለት ነፋስ ይጥለዋል። ያን ጊዜ የቆረጠው ሰው ረስቶታል። በሥሩ የሚያልፈውም አያውቅም።"

ነገሳ የተናገረው በሥራው የተማረውን ብቻ ነበር። አቶ ጉተማ ግን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አቶ አካሉ የተባለ ጎረቤታቸው የጋሪ መግቢያ ሲያወጣ በደቦ ተጠርተው ነበር። በመንገዱ ዳር የቆመውን ጽድ ከዳገቱ በኩል ሥሩን የቆረጡት እሳቸው ናቸው፤ መጥረቢያውም የራሳቸው ነበር። ጠላ ጠጥተው፣ ተመራርቀው ተለያዩ። በሦስተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ያ ጽድ ወድቆ የነገሳን አባት ፉፋን ገደለው። ሰፈሩ ሁሉ "ቀኑ ደርሶ ነው" ብሎ ቀበረ። አቶ ጉተማም አፈር ካለበሱት አንዱ ነበሩ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" እያሉ በሽምግልና ስንቱን ሲያስታርቁ ኖረው፣ ያን ሥር ግን እስከዚያች ሰዓት አንድ ቀን አላሰቡትም።

ነገሳ ደክሟቸው መስሎት ውኃ ላምጣልዎ አላቸው። እሳቸውም ፊቱን ሳያዩ "ማመልከቻውን ጻፍልኝ" አሉት።

የቅዳሜው ደቦ ቀረ፤ ነገሳም ሳንቃውን በቦዩ ላይ አጋደመ። ማመልከቻው ቴምብር ተለጥፎበት ገባ፤ አቶ ጉተማም አራት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ መሐንዲስ መጥቶ ለካና፣ መግቢያው ከዝግባው ርቆ በአጥሩ ጫፍ በኩል እንዲወጣ፣ ቦዩም ሳይደፈን ቱቦ ተቀብሮበት በላዩ እንዲደለደል ፈቀደ። በሰኔ አጋማሽ አዱኛ ታክሲውን እስከ ቤቱ በር አስገባ። ወይዘሮ ሎሚ ተደግፈው ሦስት እርምጃ በእግራቸው ሄደው መኪናው ውስጥ ገቡ። ሐኪሙ ይድናሉ አላለም፤ እሳቸውም አልጠየቁትም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በሰው ጀርባ አልታዘሉም። ጎርፉ በቱቦው አለፈ፣ የታችኛው ጎረቤት ቤት ውኃ አልገባውም፣ ዝግባውም እንደ ቆመ ነው። ፈቃዱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧልና ነገ አዱኛን "መንገዳችንን ነካህ" ብሎ የሚከሰው የለም።

አቶ ጉተማ ግን እንቅልፍ አጡ። ሐምሌ እንደ ገባ፣ በዝናብ፣ የነገሳ እናት ወይዘሮ ዘርትሁን ቤት ሄደው ከደጃፉ ቆሙ።

"ዘርትሁን፣ ፉፋ ቀኑ ደርሶ አይደለም የሞተው። የጽዱን ሥር የቆረጥሁት እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ ዘርትሁን ወደ ዝናቡ አዩ። አላለቀሱም።

"ጨው ግዛልኝ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ" አሉ። "እስኪያባራ ልቆይ ሲለኝ፣ ወጡ ተጥዷል ብዬ አጣደፍሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ገደልሁት ስል ኖርሁ። አንቱ ይህን ለመንገር እስከ ዛሬ የት ነበሩ?"

ወይዘሮ ዘርትሁን ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ ነገር ግን በሩን ከፍተው አቶ ጉተማን እሳት ዳር አስቀመጧቸው።

በወሩ የዕድር ስብሰባ ላይ አቶ ጉተማ ነገሳና እናቱ ባሉበት ተነሥተው ያደረጉትን ሁሉ ተናገሩ። በዚያ ሰሞን መግቢያ ሊቆፍሩ የተዘጋጁ ሁለት ሰዎች ነበሩና ወደ እነርሱ ዞረው ንግግራቸውን እንዲህ ብለው ጨረሱ።

"እኔ ፈቃድ የሚጠየቀው ጸሐፊው ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚጠየቀው በዛፉ ሥር የሚያልፈው ሰው ኖሯል። ያን ቀን ፉፋን አልጠየቅነውም።"